አሥራ ስምንቱ የቧንቧ ቀለበቶች

ባለፈው ወር ከሳጉሬ ወደ አሰላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማንቋቋት ጀመረ። ቋ። ትንሽ ያርፍና ደግሞ ቋ። አጠገቡ ያለችው ሴት ፊቷን አጨማደደች፤ እኔ ግን ሳይታወቀኝ የሚቀጥለውን እየጠበቅኩ እቆጥር ነበር። አሥር ላይ ሲያቆም ስምንት ጎደለብኝ። በልጅነቴ ከሳሎናችን ጥግ ይሰማ የነበረው ድምፅ ይህን ይመስል ነበር፤ በሞቀ ውሃ የለሰለሰ የፕላስቲክ ቀለበት ከጎረቤቱ አፍ ሳይሰበር ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ። ሲሰበር የሚሰማው ሌላ ነው። እሱን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

አባቴ ለከተማው ውሃ የሚሠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሐጂ አማን የሚባሉ ነጋዴ በዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው፤ በመግቢያው ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያስመጡት፣ ቁመቱ ከእኔ የማይተናነስ አኳሪየም ቆሞ ነበር። ቧንቧውን የገጠመላቸው አባዬ ነው። ያከራዩዋቸው ሰዎች ቤቱን ሲፈልጉት ሐጂ ዕቃቸውን ወደ ሮቤ ጫኑና፣ አኳሪየሙን ግን በሰው ትከሻ አስይዘው እኛ ቤት አመጡት። «ታደለ፣ ሮቤ ደህና ቤት እስካገኝ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ። ከነዓሣው ከነቧንቧው አደራ» አሉት። አባዬ «በጄ ሐጂ፣ እንደሰጡኝ ይረከቡኛል» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሁለት ዓይነት ዕቃ ሆነ፣ የእኛና የአደራው። የእኛ ብርጭቆ ቢሰበር እማዬ ትቆጣና ትረሳዋለች። ያን መስታወት ግን ከገዛ ብፌዋ በፊት ትወለውለው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም ወንበሩን ከእሱ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች። እኔ ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ካልጠየቀኝ የማልናገር፣ ሲጠይቀኝም በግማሽ የምመልስ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ፊቱ ቆሜ አራቱን ቀያይ ዓሦች አያለሁ። እነሱም ዝም ስለሚሉ ይሆናል፣ ተመቸን።

ውሃውን የሚያዞረው ተጣጣፊ ቧንቧ እንደ ሌላው ቧንቧ አንድ ወጥ አልነበረም። አሥራ ስምንት ትናንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች፣ የአንዱ ክብ ራስ በሌላው አፍ ውስጥ እየገባ፣ እንደ በግ አከርካሪ ተያይዘው የተሠራ ነው። ወዴትም ብታጥፈው ይታጠፋል። ውስጡ በአረንጓዴ ዝቃጭ ሲደፈን ግን ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ፈቶ ማጠብ ያስፈልግ ነበር። የአሰላ ብርድ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፤ በብርዱ የሳበው ሰው አፉን ይሰነጥቀዋል፤ ቢሰበር ደግሞ ምትኩ አሰላም አዲስ አበባም አይገኝም።

በክረምት አባዬ ከቦይ ሲመለስ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ይደርስ ነበርና፣ አመሻሹ ላይ እግሩን የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ በሳፋ ማቅረብ የእኔ ሥራ ነበር። ቧንቧው የሚጸዳበት ቀን ሲሆን ውሃው ለእግሩ ከመድረሱ በፊት ለቀለበቶቹ ይሆናል። ሳፋው ውስጥ ዘፍቆ እንፋሎቱ ፊቱን እያረሰው ይጠብቅና፣ ሁለት ቀለበት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ያጥፋቸዋል። ቋ። «አየሽ» ይለኝ ነበር፣ «አይጎተትም። የጎተትሽው ይሰበራል። አሙቂው፣ ወደ ጎን እጠፊው፣ ራሱ ይወጣል።» እኔ የወጣውን እየተቀበልኩ በጥርስ ብሩሽ አጥቤ በፎጣ ላይ እደረድር ነበር። አሥራ ስምንት መሆናቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥረን ነበር መልሰን የምንገጥማቸው።

በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ቤታችን ውስጥ የማይገቡኝ ነገሮች መሆን ጀመሩ። እማዬ ለአባዬ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ትሞላው ጀመር፤ ስኳር የተወደደ መስሎኝ እኔም ከራሴ ላይ አንድ ማንኪያ ቀነስኩ። አባዬ የትምህርት ካርዴን መፈረም ትቶ «ለእናትሽ ስጫት» አለኝ፤ በሒሳብ ያመጣሁት ውጤት ያሳፈረው መሰለኝ። መንገድ ላይ ሰው ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ትከሻውን ይሰጥ ጀመር። ቀኝ እጁ ቤት ውስጥም ከኮቱ ኪስ አይወጣም። አሁን ሁሉንም በአንድ ቃል መናገር ይቻላል፣ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ያኔ ግን ያን ቃል የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔም የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከእኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ሳፋውን ሳቀርብ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ አልተቀመጠም። «እስኪ ዛሬ አንቺ ፍቺው» አለኝ። «የአንቺ ጣት ቀጭን ነው።»

ጣቶቼን አየኋቸው። ቀጫጭን ነበሩ፤ አመንኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ በአፉ ብቻ እየመራኝ ስድስት ፈታሁ። በመሐል ሰው ከውጭ ጠርቶት ወጣ፤ ውሃው ቀዘቀዘ፤ ሰባተኛው እምቢ አለኝ። እናቴ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ሲጣበቅ ቅቤ ቀብታ እንደምታወጣው ትዝ አለኝ። የቆዳ ቀበቶ ሲደርቅ ቅቤ፣ ጸጉር ሲደርቅ ቅቤ፤ በቤታችን የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ያው ነበር። ሮጬ ከጓዳ የገብስ ጭኮ ለማሸት ከተቀመጠው ቅቤ ቆነጠርኩና ቀባሁት። እውነትም ወጣ። የቀሩትንም ቀባኋቸው፤ ሁሉም ወጡ፤ አጥቤ መልሼ ገጠምኩና አባዬ ሲመለስ የማሳየው ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ውሃው ላይ የሾርባ ዓይን የመሰለ ቅባት ተንሳፍፎ ነበር። አባዬ ሲገባ አንድ ጊዜ ውሃውን፣ አንድ ጊዜ እጄን አየና ጣቴን አሸተተ።

«በርበሬስ አልጨመርሽበትም?» አለኝ።

እማዬ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እሱ ግን እየሳቀም ቸኩሎ ነበር፤ የቆየ ጋዜጣ አምጥቶ በግራ እጁ ውሃው ላይ እየዘረጋ ቅባቱን እያስጠጣ ያነሳው ጀመር። አንዱ ዓሣ በማግስቱ ሞተ። አልቅሼ አልቅሼ ሐጂ ምን ይላሉ ብዬ ስጠይቀው «ዓሣ ይሞታል፣ ሐጂም ያውቃሉ» አለኝ። «ነፍስ ያለው ነገር ሲሞት ማንም አደራ በላህ አይልም። ቧንቧው ግን አይሞትም። እሱ ከተሰበረ ሰው ነው የሰበረው።» ይህ አባባል እንዲያጽናናኝ የተነገረ ይመስለኛል፤ እኔን ግን ለወራት አስፈራኝ።

መስከረም ገብቶ ገብሱ ማሸት ሲጀምር የወላጆቼን ንግግር ሰማሁ። የሰማሁት ሆን ብዬ አልነበረም፤ ከብፌው ኋላ ተቀምጬ ቤት ሥራ እሠራ ነበር፤ ዝምተኛ ልጅ መኖሯ ይረሳል።

«ሐኪም ዘንድ ሂድ ስልህ» አለች እማዬ።

«ሐኪሙ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ቢሮ ይገባል። ከዚያ በዚህ እጅ ቧንቧ አይነካም ብለው ዘበኛ ያደርጉኛል።»

«እስከ መቼ ትደብቀዋለህ ታዲያ?»

«እስከቻልኩ። ለሐጂ ብቻ እንዳትነግሪያቸው። ከአለቃዬ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ይነጋገራሉ፤ እሳቸው ካዩ ቢሮው አየ ማለት ነው።»

እጁ የሆነ ነገር እንደሆነና ሐጂ ማየት እንደሌለባቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ያለፈው ግን አልገባኝም። የውሃ ቢሮው ዘበኛ ሳልፍ ቆሎ የሚያቀብሉኝ፣ ፀሐይ እየሞቁ የሚውሉ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባዬ እንደሳቸው ቢሆን ጭቃ አይነካው፣ ቦይ ውስጥ አይገባ። ለምን እንደሚፈራው ሳስብ ሰነበትኩ። ማድረግ ያለብኝን ግን አወቅኩ፤ ሐጂ በመጡ ቀን ቀለበቶቹን የምፈታው እኔ እሆናለሁ፣ አንድም ሳልሰብር እፈታለሁ፣ አባዬም እጁን ከኪሱ አያወጣም። ጥቅምትና ኅዳር ተለማመድኩ። ውሃው እጄን ሳያቃጥለው ነገር ግን እንድሰበስበው ሲያደርገኝ በቂ እንደሆነ፣ አውራ ጣቴን በቀለበቱ ወገብ ላይ ሳሳርፍ እንደሚታዘዝ፣ ሊወጣ ሲል ትንሽ እንደሚተነፍስ ለየሁ። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ያየኝ ነበር። «ጎሽ» ይለኛል። ስለ እጁ እሱ አላነሳ፣ እኔ አላነሳ።

በታኅሣሥ ሐጂ ቤት ማግኘታቸውንና እንደሚመጡ በስልክ ነገሩን። የሮቤ መንገድ እንዳይሰባብረው ቧንቧው ተፈትቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሄድ ነበረበት። የመጡት ቅዳሜ ቀን፣ ውርጩ ጓሮ ያለውን ድንች ያቃጠለበት ሰሞን ነው፤ እኛ ከቀትር በኋላ ስንጠብቃቸው እሳቸው ቀደም ብለው ደረሱ። ውሃው ከእሳት ገና ወርዶ ሳፋው ውስጥ ነበር፤ ቧንቧውንም ከመስታወቱ እንደተያያዘ ዘፍቀንበታል። ሐጂ ረጅም፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሰው ናቸው። በፌስታል የቋጠሩትን ቅቤ ለእማዬ ሰጧትና ወደ እኔ ዞሩ፤ የነሐሴው ነገር በስልክ ደርሷቸዋል።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ይሄ ለሰው ነው። ለዓሣ እንዳትሰጪብኝ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ስለ ሮቤ ስንዴ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፤ አባዬ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ትከሻውን ሰጥቶ ተሳለማቸው። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩና «ልስገድና ሥራችንን እንጀምራለን» አሉ። እማዬ ንጹሕ ሰሌን አነጠፈችላቸው፤ እሳቸውም ታጥበው መጥተው ቆሙ። የቆሙት በእኔና በሳፋው መካከል ነው። በሚሰግድ ሰው ፊት እንደማይታለፍ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ያውቃል። በግድግዳው ጥግ ተለጥፌ ከሳፋው የሚነሳው እንፋሎት ሲቀጥን፣ ቀጥኖም ሲጠፋ አየሁ። እማዬም ከጓዳው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ያንኑ ታይ ነበር።

ሲጨርሱ «በሉ እንግዲህ» አሉ። ውሃው እንደገና ይሙቅ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን እንግዳው ቆመዋል፣ ዕቃውን የሚጭነው መኪና ሞተሩ ተነስቶ በር ላይ ይጠብቃል፤ እኔም ያን ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ አዙሬ አዙሬ ዋጥኩት። ሳፋው ፊት ተንበረከኩ።

«አንተ አትፈታውም እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ትለማመድ» አለ አባዬ። «ከእኔ ይልቅ እሷ ትሻላለች።»

ሳፋው ውስጥ የነበሩት ቀለበቶች ለብታ ስለቀረላቸው ታዘዙኝ። ቋ። ሐጂ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ፣ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፤ እኔ እያሳቁኝ መሆኑ ገብቶኝ ቀና ሳልል ቀጠልኩ። አሥራ ሰባት ፎጣው ላይ ተደረደሩ። አሥራ ስምንተኛው ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው ነው፤ ሳፋ ውስጥ ስለማይገባ ውሃ በኩባያ እያፈሰስን ነበር ሁልጊዜ የምናሞቀው። የቀረውን ውሃ አፈሰስኩበት፤ ውሃው ቀዝቅዟል። ያዝኩት፤ እንደ አጥንት ነው። አባዬ መጥቶ አጠገቤ ዝቅ አለና በግራ እጁ ሥሩን ደገፈልኝ። እኔ ወደ ጎን አጠፍኩ። ምናልባት ጎተትኩ። ወይም እሱ ድጋፉን ቶሎ ለቀቀ። ጠቅ የሚል ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ የቀለበቱ አፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወለሉ ላይ ተሽከረከረ።

«ምንድነው?» አሉ ሐጂ።

መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ አልተከፈተም። አባዬ ከወለሉ ተነስቶ «እኔ ነኝ ሐጂ» አለና፣ አምስት ወር ሙሉ የደበቀውን ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከተሰበረው ቀለበት አጠገብ አኖረው። እጁ ጠረጴዛውን እየደጋገመ ይመታ ነበር፤ የሻይ ማንኪያው በሰሃኑ ላይ ተንቀጫቀጨ። «ይኸው። ከሐምሌ ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። ልጅቷ አላጠፋችም፣ ያወክኳት እኔ ነኝ።»

ያ ቀኝ እጅ እኮ አልነካውም፤ የደገፈው ግራው ነው፤ እኔ አይቻለሁ። አባዬ በውሸት የማይቀልድ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ሰፈር ውስጥ የተሰበረ መስኮት አላየሁም ስላልኩ ሁለት ቀን አላናገረኝም። አሁን ፊቴ ቆሞ፣ ማየት የሌለባቸው ሰው እያዩት፣ ያላደረገውን አደረግኩ ይላል። ግራ ገባኝ። እፎይ አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ የራሴን ጥፋት የነጠቀኝ መስሎኝ ተናደድኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አላውቅም፣ ግን ሆኑ።

ሐጂ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉና ሰፊ መዳፋቸውን በአባዬ እጅ ላይ ጫኑት። አልጨበጡትም፤ ልክ እንደሚበር ወረቀት ጫን አድርገው ማንኪያው ዝም እስኪል ያዙት።

«አሥራ ሰባቱስ?» አሉ።

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲህ ቧንቧው በአንድ ቀለበት አጠረ እንጂ ውሃ አላቆመም። አደራዬን ተረክቤያለሁ፣ ታደለ።» ከዚያ ተቀመጡና የአባዬን ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ተመለከቱት። እማዬ የእሳቸውን ሞልታ ልትቀዳ ስትል «ለእኔም በግማሽ አድርጊው» አሏት።

አኳሪየሙ ሄደ። በቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ደማቅ ምልክት ቀርቶ እስከ በልጉ ዝናብ ድረስ ማንም ወንበር አላስቀመጠበትም። በየካቲት አባዬን ከመስክ አንስተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ዘበኛ አላደረጉትም። ሐጂ ለአለቃው ተናግረውበት ነው የተነሳው፣ ወይስ ተናግረውለት ነው ዘበኛ ከመሆን የተረፈው፣ ወይስ አባዬ ራሱ ከዚያ ቀን በኋላ መደበቁ ሰልችቶት ሄዶ ነገራቸው፣ አላውቅም። ሐኪም ዘንድም ሄደ፤ ክኒን ተሰጠው። ቦት ጫማው ከበሩ ኋላ እየደረቀ ተሰነጣጠቀ። አንዳንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ ተነስቶ በመስኮት መንገዱን ያይ ነበር፤ የት የት ቧንቧ እንደሚፈነዳ እየገመተ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቀለበት ምን ያህል ነገር እንዳስከተለ እያሰብኩ፣ ጠቅሞት ይሁን ጎድቶት መወሰን እያቃተኝ አደግኩ።

አሁን በሳጉሬ የጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀጫጭን ቱቦዎች እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ቀስታዬን ይስቁበታል፣ የሰበርኩት ነገር ግን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ እሄዳለሁ። የአባዬ ሁለቱም እጆች አሁን ይንቀጠቀጣሉ፤ እሱም አይደብቃቸውም፣ ሻዩም አሁንም በግማሽ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያ ሰውዬ ጣቱን ያንቋቋበት ቀን፣ ገና በጠዋት ቤት ደርሼ የአባዬን የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፍኩለት ሳለሁ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የያዝኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

«አባዬ፣ ያን የሐጂን ቀለበት ማናችን ነን የሰበርነው?»

አገጩን ከፍ አድርጎ የአንገቱን ቁልፍ ሰጠኝ።

«ውሃው ቀዝቅዞ ነበር» አለ።

ያኔ ጥፋቱን ከእኔ አንስቶ ለራሱ እጅ ሰጥቶት ነበር፤ አሁን ከሁለታችንም አንስቶ ለውሃው ሰጠው። የትኛው እውነት እንደሆነ ዛሬም አልለየሁም። የአሰላ ጠዋት ያኔም እንደዚሁ ብርድ ነበር፤ ያኔ ውሃው ይሙቅ የሚል ቃል አፌ ውስጥ ቀርቷል። አሁን የሚቀጥለውን ቁልፍ ከመያዜ በፊት «ትንሽ ቆየኝ አባዬ፣ እጄን ላሙቀው» እለዋለሁ፤ እሱም ይቆየኛል።